የጣና ጀልባ ቦታ ማስያዣ፦ የባክኤንድ ፕሮጀክትን ከባዶ ማደራጀት

አንድ የባክኤንድ (ከገጹ ጀርባ የሚሠራው ክፍል) ፕሮጀክት በደንብ መደራጀቱን የማየው በአንድ ጥያቄ ነው። ነገ የጀልባ ታሪፍ ቢጨምር ስንት ፋይል መክፈት አለብኝ? መልሱ «አንድም፤ ዳታቤዝ ላይ አንድ መስመር ይጨመራል» ከሆነ ፕሮጀክቱ ጤነኛ ነው። «ቆይ፣ ዋጋው የት የት እንደተጻፈ ልፈልግ» ከሆነ ግን፣ ፎልደሮቹ የቱንም ያህል ያማረ ስም ቢኖራቸው አልተደራጀም።

ባሕር ዳር ላይ ዌብ የሚማር ወጣት ሞልቷል። አብዛኛው ቱቶሪያል የሚያሠራው ግን ያንኑ የሥራ ዝርዝር መመዝገቢያ ነው። ጨምር፣ ሰርዝ፣ አበቃ። እዚያ ላይ ዋጋ የለም፣ ወንበር አያልቅም፣ ሰዓት አያጣላም። ስለዚህ እዚህ የምንሠራው ሐይቁ ዳር ሄዶ ማየት የሚቻል ነገር ነው፦ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ለሚሄዱ ጀልባዎች የቦታ ማስያዣ። የምናደራጀው ገጹን ሳይሆን ከጀርባው ያለውን ሰርቨር ነው።

መሣሪያዎቻችን ሦስት ናቸው፦ ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ የሚያስኬደው ኖድ ጄኤስ፣ በእሱ ላይ የሚሠራው ፍሬምወርክ ኤክስፕረስ፣ እና ዳታቤዙ ፖስትግሬስ። ላራቬል ወይም ጃንጎ የሚባሉትን ሌሎች ፍሬምወርኮች የምትችሉ ከሆነ በእሱ ሥሩት፤ እንዲያውም እነሱ ፎልደሩን ራሳቸው አደራጅተው ይሰጧችኋል። ኤክስፕረስ ግን ምንም አይላችሁም። ሁሉንም ኮድ አንድ ፋይል ውስጥ ብትከምሩትም ዝም ብሎ ይሠራል። ጣጣውም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

የፋይልና የትዕዛዝ ስሞችን እዚህ እንደሚነበቡት ነው የምጽፈው። ኮምፒውተራችሁ ላይ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በትንንሹ፣ ያለ ክፍት ቦታ ሰይሟቸው። ዊንዶውስ ላይ ትልቁም ትንሹም ፊደል አንድ ነው። ሊነክስ ሰርቨር ላይ ግን ሁለት የተለያየ ፋይል ነው። ላፕቶፕ ላይ ሲሠራ የነበረ ኮድ ሰርቨር ላይ ሲወጣ «ፋይሉ የለም» ብሎ የሚቆመው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ወረቀት

ኮድ መጻፊያውን ቪኤስ ኮድን ገና አትክፈቱ። ወደ ጀልባ መነሻው ውረዱና ጠይቁ። «ጋሼ፣ ዋጋው በሰው ነው ወይስ ኮንትራት?» ይህች አንዷ ጥያቄ የዳታቤዛችሁን ግማሽ ትወስናለች። በሰው ከሆነ የሚሸጠው ወንበር ነው። ኮንትራት ከሆነ የሚሸጠው ጀልባው ነው፤ አንድ ሰው ሄደ አሥር ሰው ሄደ ዋጋው ያው ነው። ሁለቱም ካለ ደግሞ ጉዞው ላይ «ዓይነት» የሚል መለያ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ቀጥሉ። ጀልባው ካልሞላ ይነሳል? ዘጌ ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ዳጋና ናርጋ ግን ሙሉ ቀን ይፈልጋሉ፤ ታዲያ አንድ ጀልባ በቀን ሁለት ጉዞ መያዝ የሚችለው መቼ ነው? ሐይቁ ላይ ነፋስ ተነሥቶ ጉዞው ቢቀር ብሩ ይመለሳል ወይስ ቀን ይቀየራል? መልሱን እነሱ በአፋቸው እንደሚሉት ጻፉት። የፕሮጀክቱን ቃላት የሚሰጡት ባለሙያዎቹ ናቸው።

ከመልሱ ውስጥ ስሞቹን አውጡ። መዳረሻ፣ ጀልባ፣ ጉዞ፣ ታሪፍ፣ ቡኪንግ፣ ክፍያ። ስድስት ናቸው። ኋላ ሠንጠረዥም ፎልደርም የሚሆኑት እነዚሁ ናቸው።

ከስሞቹ ቀጥሎ ደንቦቹን ለዩ። ለምሳሌ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡም። ዑራ ኪዳነ ምሕረትና ናርጋ ሥላሴ ይገባሉ። ይህን ሳያውቁ ከፍለው ደሴቱ ላይ ሲደርሱ የሚመለሱ እንግዶች እንዳይኖሩ ሰርቨሩ ቀድሞ መናገር አለበት። ጀማሪ ይህን ደንብ ኮድ ውስጥ ያስገባዋል፦ የመዳረሻው ስም ክብራን ከሆነ ይህን አድርግ። ነገ ሌላ ገዳም ሲጨመር ኮድ ሊቀየር ነው። ትክክለኛው ቦታው የመዳረሻ ሠንጠረዥ ነው፤ «ሴቶች ይገባሉ» የሚል አዎ ወይም አይ የሚሞላበት አንድ ዓምድ። ኮዱ የገዳም ስም አያውቅም። ዓምዱን ብቻ ያነባል።

ደረጃ 2፦ ኮምፒውተሩን ማሰናዳት

ይህ ብዙ አያስቆመንም። ኖድን በኤንቪኤም ጫኑት፤ አንዱን ስሪት ትታችሁ ወደ ሌላው ለመሄድ ይመቻል። እንደ 22 እና 24 ያሉ ባለ ጥንድ ቁጥር ስሪቶች ረጅም ድጋፍ ያላቸው ናቸው፤ ከእነሱ አዲሱን ምረጡ። የመረጣችሁትን ቁጥር ነጥብ ኤንቪኤምአርሲ በሚባል ፋይል ውስጥ ጻፉት። ጓደኛችሁ ፕሮጀክቱን ሲያወርድ ስልክ ደውሎ «የትኛውን ስሪት ነው የምትጠቀመው?» አይላችሁም። ፖስትግሬስንም ሰርቨሩ ላይ የምትጭኑትን ዋና ስሪት ላፕቶፑ ላይም ጫኑ።

ስለ ኢንተርኔት ዳታ ግን ትንሽ ላውራ። የኖድ ጥቅሎቹን (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጇቸውን ኮዶች)፣ ፖስትግሬስንና ዶከር የምትጠቀሙ ከሆነ ኢሜጆቹን በሌሊት የዳታ ጥቅል አንዴ አውርዱ። የኖድ ጥቅል መጫኛው ኤንፒኤም ያወረደውን ሁሉ ካሽ በሚባል ማከማቻ ላፕቶፑ ላይ ያስቀምጣል። ስትጭኑ «ፕሪፈር ኦፍላይን» የሚለውን አማራጭ ከጨመራችሁ መጀመሪያ ካሹን ያያል፤ ኢንተርኔት የሚጠይቀው የሌለውን ብቻ ነው። የኮድ ለውጥ መዝጋቢው ጊት ደግሞ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ኮሚት (ለውጥን መመዝገብ)፣ ብራንች፣ ሜርጅ ሁሉም ላፕቶፑ ላይ ነው፤ ኔትወርክ የሚፈልጉት ከሌላ ማሽን ጋር የሚለዋወጡት እንደ ፑሽና ፑል ያሉት ናቸው። ስለዚህ ዳታ ሲጠፋ ሥራ የሚቆምበት ምክንያት የለም። መብራት ሲጠፋም ፖስትግሬስ አይደንግጣችሁ። ለውጡን መጀመሪያ መዝገብ ላይ ጽፎ ነው ወደ ሠንጠረዡ የሚያስገባው፤ ሲነሣ ከመዝገቡ ላይ ያስተካክላል።

ደረጃ 3፦ አንድም መስመር ኮድ ሳይጻፍ ኮሚት

ፎልደር ክፈቱ፣ «ጊት ኢኒት» በሉ፣ ከዚያ «ኤንፒኤም ኢኒት»። ወዲያው ነጥብ ጊትኢግኖር የሚባለውን ፋይል ፍጠሩና ጊት እንዳይመዘግባቸው ሁለት ነገር ጻፉበት፦ ኖድ ሞጁልስ (የወረዱት ጥቅሎች) እና ነጥብ ኢኤንቪ (የይለፍ ቃሎቹ)። ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። የይለፍ ቃል የያዘ ፋይል አንዴ ኮሚት ከተደረገ፣ በኋላ ብታጠፉትም ታሪኩ ውስጥ ይኖራል። ጊትሀብ ላይ ከወጣ ደግሞ መፍትሔው ፋይሉን ማጥፋት ሳይሆን የይለፍ ቃሉን መቀየር ነው።

በተቃራኒው ፓኬጅ ሎክ የሚባለው ፋይል ኮሚት መደረግ አለበት። ረጅም ስለሆነ ብዙ ሰው ቆሻሻ መስሎት ይጥለዋል። የትኛው ጥቅል በትክክል በየትኛው ስሪት እንደተጫነ የሚናገረው ግን እሱ ነው። ሰርቨር ላይ ስትጭኑ «ኤንፒኤም ኢንስቶል» ሳይሆን «ኤንፒኤም ሲአይ» በሉ። ሎኩ ላይ ያለውን ብቻ፣ እንዳለ ይጭናል።

ሪድሚ ፋይሉ አጭር ይሁን። ፕሮጀክቱ ምንድነው፣ እንዴት ይነሣል፣ ቴስቱ እንዴት ይሮጣል። ከዚያ የመጀመሪያው ኮሚት።

ደረጃ 4፦ ፎልደሮቹ

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በኮድ ዓይነት መከፋፈል ነው፦ ኮንትሮለሮች አንድ ፎልደር፣ ሞዴሎች አንድ ፎልደር፣ ራውቶች አንድ ፎልደር። ቱቶሪያሎቹ የሚያሳዩት ይህን ነው። ለሦስት ሠንጠረዥ ይበቃል። ፕሮጀክቱ ሲያድግ ግን ቡኪንግን ለማስተካከል ሦስቱም ፎልደር ውስጥ መግባት ይመጣል። ሁለተኛው በሥራ መከፋፈል ነው፤ የቡኪንግ ነገር ሁሉ አንድ ቦታ፣ የክፍያ ነገር ሁሉ አንድ ቦታ። እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው፤ ያው ከላይ ያለው ጥያቄዬ ነው። የሚቀየረው ሥራው ነው። «ዛሬ ሁሉንም ኮንትሮለሮች ቀይር» የሚል ደንበኛ አላየሁም።

እንዲህ ይሁን፦

ጣና ባክኤንድ
— ኤስአርሲ
—— ሞጁልስ
——— መዳረሻ
——— ጉዞ
——— ቡኪንግ
——— ክፍያ
—— ሼርድ
—— አፕ
—— ሰርቨር
— ማይግሬሽንስ
— ስክሪፕትስ
— ቴስትስ

ስድስት ስም ነበረን፣ ሞጁል የሆኑት አራት ብቻ ናቸው። ጀልባና ታሪፍ ጉዞ ውስጥ ገብተዋል፤ ለብቻቸው የሚሠሩት ነገር ገና ብዙ አይደለም። ሲያድጉ ይወጣሉ። ለሌለ ነገር ፎልደር አትክፈቱ።

እያንዳንዱ ሞጁል ውስጥ ሦስት ፋይል አለ፦ ራውት፣ ሰርቪስ፣ ሪፖዚተሪ። አንድ ጥያቄ ሲገባ እንከተለው። አንዲት እንግዳ ለቅዳሜ ወደ ዑራ ሦስት ወንበር ልትይዝ ነው እንበል። ጥያቄው ወደ ቡኪንግ ራውት ይደርሳል። ራውቱ የተላከውን ይፈትሻል፤ ስልክ አለ? የወንበሩ ቁጥር ከዜሮ በላይ ነው? የጉዞው መለያ ተልኳል? ጎደሎ ከሆነ 400 የሚለውን የስህተት ቁጥር መልሶ ይሸኛል። ደህና ከሆነ ሰርቪሱን ይጠራል። ሰርቪሱ ደንቡን ያውቃል፤ ጉዞው አልተሰረዘም? ወንበር አለ? ታሪፉ ስንት ነው? ሰርቪሱ የዳታቤዝ ቋንቋውን ኤስኪውኤልን አይጽፍም፣ ከሪፖዚተሪው ይጠይቃል። ዳታቤዝ የሚነካው ሪፖዚተሪው ብቻ ነው። መልሱ በመጣበት መንገድ ይመለሳል፤ ተሳክቶ ከሆነ 201፣ ወንበር ካለቀ 409።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙ። ሰርቪሱ ስለ ኤችቲቲፒ፣ ማለትም የዌብ ጥያቄና መልስ ስለሚሄድበት መንገድ፣ ምንም ማወቅ የለበትም። ሪኩዌስትና ሪስፖንስ የሚሉ ቃላት ሰርቪስ ፋይል ውስጥ ካያችሁ አንድ ነገር ከቦታው ወጥቷል። ለምን እንዲህ ታካብዳለህ ትሉ ይሆናል። የጀልባዎቹ ማኅበር ነገ የሚጠይቃችሁን እናውቃለን፦ የቴሌግራም ቦት። ደንቡ ሰርቪሱ ውስጥ ከሆነ ቦቱ ያንኑ ሰርቪስ ይጠራል፣ አለቀ። ደንቡ ራውቱ ውስጥ ከተጻፈ ግን ሁለተኛ ትጽፉታላችሁ። ከዚያ አንደኛው ሲስተካከል ሌላው ይረሳል።

አፕና ሰርቨር የተለያዩት ሆን ተብሎ ነው። አፕ ኤክስፕረሱን ያዘጋጃል፣ ራውቶቹን ያገናኛል፣ በዚያ ይቆማል። ሰርቨር ፋይሉ አፕን ጠርቶ ፖርት ላይ ያዳምጣል። ቴስት ስትጽፉ አፕን ብቻ ትጠራላችሁ፤ ፖርት 3000 ተይዟል የሚል ጭቅጭቅ አይኖርም።

ሼርድ የሚለውን ፎልደር ተጠንቀቁት። ቦታ ያጣ ነገር ሁሉ የሚጣልበት ጓዳ ይሆናል። የዳታቤዝ ግንኙነት፣ የስህተት አያያዝ፣ ሎግ (ሰርቨሩ የሠራውን የሚጽፍበት መዝገብ)፣ የቀን መቀየሪያና የጽሑፍ ማመሳሰያ ብቻ ይግቡበት።

ደረጃ 5፦ ኮንፊግ

የዳታቤዝ አድራሻ፣ የይለፍ ቃል፣ የክፍያ ቁልፍ፣ ፖርት። እነዚህ ኮድ ውስጥ አይጻፉም፤ ነጥብ ኢኤንቪ ፋይል ውስጥ ይቀመጣሉ። ከጎኑ ደግሞ እሴት የሌለው፣ ስሞቹን ብቻ የያዘ የናሙና ፋይል ይኑር፤ እሱ ኮሚት ይደረጋል።

ሰርቨሩ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራው እነዚህ ሁሉ መሞላታቸውን ማየት ይሁን። አንዱ ከጎደለ የጎደለውን ስም ጠርቶ ይቁም። ሳይነሣ የቀረ ሰርቨር ወዲያው ይታወቃል። ያለ ክፍያ ቁልፍ የተነሣ ሰርቨር ግን የሚታወቀው የመጀመሪያው ደንበኛ ሊከፍል ሲል ነው።

ደረጃ 6፦ ዳታቤዝ

ሠንጠረዥ በእጅ አትፍጠሩ። እያንዳንዱ ለውጥ ማይግሬሽንስ ውስጥ ቁጥር ያለው ፋይል ይሁን። አንዴ ሰርቨር ላይ የሮጠ ማይግሬሽን ተመልሶ አይነካም። ስህተት ቢኖረው የሚያርመው ሌላ አዲስ ማይግሬሽን ነው።

ገንዘብን በአሥርዮሽ አታስቀምጡ። ጃቫስክሪፕት ላይ 0.1 እና 0.2 ስትደምሩ 0.30000000000000004 ነው የሚሰጣችሁ። በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር አስቀምጡ። 850 ብር 85000 ሆኖ ይገባል፣ ሲታይ ብቻ ለ100 ይካፈላል።

ታሪፍ የራሱ ሠንጠረዥ ይኑረው፦ መዳረሻ፣ ዓይነት፣ ዋጋ፣ ከመቼ ጀምሮ። ዋጋ ሲጨምር የድሮው አይሰረዝም፤ አዲስ መስመር ከአዲስ ቀን ጋር ይገባል። ቡኪንጉ ላይ ደግሞ በተያዘበት ሰዓት የነበረው ዋጋ ተቀድቶ ይቀመጥ። አለበለዚያ ባለፈው ወር በድሮው ዋጋ የከፈለ ሰው ደረሰኙን ዛሬ ሲከፍት በአዲሱ ዋጋ ያየዋል። ከዚያ ጋር የሚመጣውን ስልክ መገመት አያቅትም።

የመጨረሻዋ ወንበር። ሁለት ሰው በአንድ ቅጽበት ይጫናል። ሁለቱም ጥያቄ ዳታቤዙን «ስንት ቀረ?» ይላል፣ ሁለቱም «አንድ» የሚል መልስ ያገኛል፣ ሁለቱም ይይዛል። ጀልባው ላይ አንድ ሰው ቆሞ ሊሄድ ነው። መድኃኒቱ ትራንዛክሽን ነው፤ ማለትም ሁሉም አብሮ የሚሳካ ወይም ሁሉም አብሮ የሚቀር ሥራ። የጉዞውን መስመር «ሴሌክት ፎር አፕዴት» ብላችሁ ቆልፉ፣ ቁጠሩ፣ አስገቡ፣ ኮሚት አድርጉ። ሁለተኛው ጥያቄ የመጀመሪያው እስኪጨርስ ይጠብቃል፤ ተራው ሲደርስ ዜሮ ያያል። ይህን ላፕቶፕ ላይ ብቻችሁን እየነካካችሁ በፍጹም አታዩትም። ጥምቀት ሲደርስ ነው የሚመጣው።

ስልክ ቁጥርን በአንድ መልክ አስቀምጡ። ሰው 09 ብሎም፣ 07 ብሎም፣ በ251 ጀምሮም ይጽፋል። ራውቱ ላይ ሁሉንም ወደ ፕላስ 251 ቀይራችሁ አስገቡ። ካልሆነ አንድ ደንበኛ ሁለት ሰው ይሆናል።

ደረጃ 7፦ ፊደልና ሰዓት

ይህን ክፍል የውጭ ቱቶሪያል ላይ አታገኙትም፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

መዳረሻው ዳታቤዝ ውስጥ «ናርጋ ሥላሴ» ተብሎ ተመዝግቧል። እንግዳው በስልኩ «ናርጋ ስላሴ» ብሎ ይፈልጋል። ለኮምፒውተር ሠ እና ሰ ዝምድና የላቸውም፤ መልሱ «አልተገኘም» ነው። «ዑራ ኪዳነ ምሕረት»ም እንዲሁ፤ ከመቶ ሰው ስንቱ ዐይኑን ዑ እና ሐመሩን ሕ ፈልጎ ይጽፋል? ስለዚህ ሁለት ዓምድ ይኑር። አንዱ ስሙ እንደሚጻፈው፣ ሳይነካ። ሌላው ለፍለጋ ብቻ፤ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነቤተሰቦቻቸው የተቀየሩበት። ተጠቃሚው የጻፈውም ከመፈለጉ በፊት በዚያው መቀየሪያ ያልፋል። ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣም ድምፃቸው አንድ ስለሆነ አብረው ይመሳሰሉ። መቀየሪያው አንድ ትንሽ ፋይል ነው፣ ሼርድ ውስጥ ይቀመጣል። ለሰው የሚታየው ሁልጊዜ የመጀመሪያው ዓምድ ነው። ስሙን አስተካክላችሁ እንዳታበላሹት።

ማረጋገጫ ኤስኤምኤስ በአማርኛ የምትልኩ ከሆነም አንድ ልኬት አለ። በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል። በግዕዝ ፊደል 70 ብቻ ነው። ከ70 ካለፈ ተቆርጦ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል፣ ሁለት ያስከፍላል። «ውድ ደንበኛችን እንደምን አሉ» የምትለዋን ሰላምታ ቁረጡና መነሻ ሰዓቱን አስገቡበት።

ሰዓት ደግሞ አለ። ጀልባው «2 ሰዓት» ይነሣል። ለእኛ ጠዋት ነው፣ ነጋ ማለት ነው። ከፓሪስ ለመጣው እንግዳ ደግሞ ወይ ውድቅት ነው ወይ ከምሳ በኋላ። ሰርቨሩ ሁለቱንም አይደለም የሚያስቀምጠው። የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት በሌላው አቆጣጠር 08:00 ነው። ኢትዮጵያ ከዩቲሲ (ከዓለም መደበኛ ሰዓት) 3 ሰዓት ትቀድማለች፤ ስለዚህ ዳታቤዝ ውስጥ የሚገባው 05:00 ዩቲሲ ነው። ፖስትግሬስ ላይ «ታይምስታምፕ ዊዝ ታይም ዞን» የሚለውን ዓይነት ምረጡ። ሲታይ በሰዓት ቀጣናው ስም «አፍሪካ አዲስ አበባ» ይቀየራል። አገራችን በጋና ክረምት ሰዓት ስለማትቀይር ይህ ሁሌም ሦስት ነው። ወደ አማርኛ አቆጣጠር ለማምጣት ደግሞ 6 ሰዓት ትቀንሳላችሁ። ከዚያ «ጠዋት»፣ «ከሰዓት»፣ «ማታ» የሚለውን ቃል አብራችሁ አውጡ። ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም።

ሪፖርት ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። በእኛ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የተመዘገበ ቡኪንግ ዩቲሲ ላይ ገና የትናንት ቀን ነው። የቀኑን ገቢ ስትደምሩ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ቀይሩ፣ ከዚያ በቀን ሰብስቡ። ማክሰኞ ሌሊት ሲባል ደግሞ የትኛው ሌሊት እንደሆነ ሰው ራሱ ይከራከራል። ሰርቨሩ ከሚከራከር ቀኑን በቁጥር አውጡ።

ቀን መቁጠሪያን በእጅ አትቀይሩ። ሰባት ወይም ስምንት ቀንሶ ዓመተ ምሕረት ማውጣት ጳጉሜን ላይ ይሰናከላል። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ የ2016 መስከረም 1 ግን ከፊቱ ያለችው የ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበራት ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። ጥምቀትም ጥር 11 ላይ ሳይነቃነቅ፣ በ2016 ጃንዋሪ 20 ሆነ። ኖድ ከስሪት 13 ጀምሮ የኢትዮጵያን ቀን መቁጠሪያ ራሱ ያውቃል። ኢንትል የሚባለው መሣሪያ ላይ ቋንቋውን አማርኛ፣ ካሌንደሩን «ኢትዮፒክ» ካላችሁት ወሩን በስሙ ያወጣላችኋል። ዳታቤዝ ውስጥ ያለው ቀን አይቀየርም፤ የሚቀየረው ማሳያው ነው።

ደረጃ 8፦ ክፍያ

ቴሌብርም ሆነ ቻፓ፣ አሠራሩ በጥቅሉ አንድ ነው። እናንተ ደንበኛውን ወደ ክፍያው ትልካላችሁ፤ ክፍያው ሲያልቅ ድርጅቱ ሰርቨራችሁን ጠርቶ «ተከፍሏል» ይላል። ይህ ጥሪ ዌብሁክ ይባላል። ሦስት ነገር ያዙ። ጥሪው በእርግጥ ከእነሱ መምጣቱን በፊርማው አረጋግጡ፤ አድራሻውን ያወቀ ሁሉ «ተከፍሏል» ማለት ይችላል። መጠኑንም ከቡኪንጉ ዋጋ ጋር አነጻጽሩ። እንዲሁም ያው ጥሪ ሁለቴ ሊመጣ እንደሚችል አስቡ፤ ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ መልሳችሁ ሳይደርሳቸው ቀርቶ ይደግሙታል። የክፍያ መለያ ቁጥሩ ላይ ዩኒክ ገደብ (እንዳይደገም የሚከለክል) ካደረጋችሁ ሁለተኛው አይገባም። ለሁለተኛውም 200 (ተቀብያለሁ) መልሱለት። ስህተት ካላችሁት እንደገና ይመጣል።

ሳይከፈል የተያዘ ወንበርስ? ማብቂያ ሰዓት ስጡት። ሃያ ደቂቃ በቂ ይመስለኛል፤ ስልኩ ላይ ብር ለማስገባት ሱቅ ድረስ የሚሄድ ሰውም አለ።

ደረጃ 9፦ ስህተት፣ ሎግ፣ ቴስት

ስህተትን አንድ ቦታ ያዙት። ሰርቪሱ «ወንበር አልቋል» የሚል ስም ያለው ስህተት ይወርውር። ሼርድ ውስጥ ያለው ተቀባይ ወደ 409ና ወደ አማርኛ መልእክት ይቀይረው። ያልታወቀ ስህተት ሲሆን ለተጠቃሚው 500ና አጭር ይቅርታ፣ ሎግ ላይ ግን ሙሉው። የኤስኪውኤል ስህተት ለእንግዳ አይታይም። ሎግ ላይ ደግሞ የይለፍ ቃልና ሙሉ ስልክ ቁጥር አይጻፍ። አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 1321/2016፤ የደንበኛ መረጃ የምትይዙ ከሆነ አንብቡት።

ቴስት ሁሉም ላይ ጻፉ አልልም። ቢያንስ አራት ቦታ ጻፉ፦ የመጨረሻዋ ወንበር፣ የታሪፍ ቀን፣ የሰዓት ቅየራ፣ ሁለቴ የመጣ ዌብሁክ። ብር የሚጠፋባቸው እነዚህ ናቸው።

ደረጃ 10፦ ወደ ሰርቨር

ትንሽ ኡቡንቱ ሰርቨር ይበቃል። ሁሉን ማድረግ በሚችለው ተጠቃሚ፣ በሩት፣ አትሥሩ፤ ሌላ ተጠቃሚ ፍጠሩ፣ መግቢያውን በኤስኤስኤች ቁልፍ አድርጉ። ፋየርዎሉ 22፣ 80 እና 443ን ብቻ ይክፈት። የፖስትግሬስ 5432 ለውጭ አይከፈትም። ፊት ለፊት ጥያቄውን ተቀብሎ የሚያስተላልፈው ኤንጂንክስ ይቁም፣ ከጀርባው ኖድ። ኖዱን የሊነክስ ፕሮግራም አስነሺ በሆነው በሲስተምዲ አስነሡት፤ እንዲያ ካዘዛችሁት ቢወድቅ ራሱ ያነሣዋል፣ ማሽኑ ዳግም ሲነሣም አብሮ ይነሣል። ሰርተፍኬቱን ከሌትስ ኢንክሪፕት በነጻ ታገኛላችሁ። ዕድሜው አጭር ስለሆነ ማደሱን ሰርትቦት በራሱ እንዲሠራው ተዉለት።

ስታወጡ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ጊት ፑል፣ ኤንፒኤም ሲአይ፣ ማይግሬሽን፣ ሪስታርት። አራቱን ስክሪፕትስ ውስጥ አንድ ፋይል ላይ ጻፉት። በእጅ አንድ በአንድ የምትጽፉ ከሆነ አንድ ቀን ማይግሬሽኑ ይዘለላል።

የዳታቤዙን ቅጂ የሚያወጣው ፒጂ ዳምፕ በየሌሊቱ ይሩጥ፣ ፋይሉም ከሰርቨሩ ውጭ ይቀመጥ። በወር አንዴ ፋይሉን ወስዳችሁ ላፕቶፕ ላይ ባዶ ዳታቤዝ ውስጥ መልሱት፣ ቡኪንጎቹንም ቁጠሩ። ተመልሶ ያልታየ ባክአፕ እንደሌለ ቁጠሩት።

ለማኅበር ወይም ለአስጎብኚ ድርጅት የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ዶሜኑን፣ የሰርቨሩን አካውንትና የክፍያ አካውንቱን ከመጀመሪያው በደንበኛው ስም ክፈቱ። ማረጋገጫ ኮድ የሚላክበት ስልክም የቢሮው ይሁን። እናንተ ወደ አዲስ አበባ ሥራ ብትቀይሩ፣ ሲም ካርዳችሁ ቢጠፋ፣ ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጀልባው ሲጭን ተሳፋሪውን የሚያስገባው ሰው እዚያው ባሕር ዳር ነው ያለው።